የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ «ሎርድ» እና ዳቦው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ አዘጋጅ። በጎንደር ከተማ እንግዶችን በማስጎብኘት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለፈው ጥር ለጥምቀት በዓል ከመጡት እንግዶች መካከል አንድ በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊ ነበሩ። ፋሲል ግቢ ውስጥ የአፄ በካፋን የግብር አዳራሽ እያሳየኋቸው «ነገሥታቱ ሰዉን ሰብስበው እዚህ ያበሉ ነበር» ብዬ ስነግራቸው፣ «እኛ ሎርድ የምንለው ቃልም ከመነሻው ዳቦ ጠባቂ ማለት ነበር» አሉኝ። ነገሩን ለሥራ ባልደረባዬ ባጫውተው ግን አልተቀበለኝም፤ «ሎርድ ማለት የእኛው ልዑል ነው፤ ድምፁም ትርጉሙም ይቀራረባል» ብሎ ተከራከረኝ። ለእንግዶች የምናገረው ሁሉ የተጣራ እንዲሆን ስለምፈልግ፣ ማብራሪያ እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ከጎንደር፣ ፒያሳ

መልስ፦ እንግዳዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። እንግሊዞች ለባለማዕረግ መኳንንቶቻቸው፣ ከሁለቱ ምክር ቤቶቻቸው ለአንደኛው አባላት፣ በጸሎት ጊዜም ለፈጣሪ የሚጠቀሙበት «ሎርድ» የተባለው ቃል የተሠራው ከሁለት ተራ የቤት ቃላት ነው፤ አንደኛው ዳቦ፣ ሁለተኛው ጠባቂ ማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ጥንታዊ እንግሊዝኛ መመለስ ያስፈልጋል። ጥንታዊ እንግሊዝኛ የሚባለው ከ5ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስከ 1100 ገደማ ይነገር የነበረው ቋንቋ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የዛሬ እንግሊዛዊ ተምሮት ካልሆነ በቀር አንብቦ ሊረዳው አይችልም። በዚያ ቋንቋ ዳቦ «ህላፍ» ይባል ነበር፤ ጠባቂ ደግሞ «ዌአርድ»። ሁለቱ ሲጣመሩ «ህላፍዌአርድ» ሆኑ፣ ይህም በአንደበት ሲመላለስ አጥሮ «ህላፎርድ» ሆነ። በጥንቶቹ ጽሑፎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ይህ ያጠረው መልክ ነው። ሙሉው፣ ሁለቱ ቃላት ገና ተለይተው የሚታዩበት መልክ፣ ተጽፎ የተገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የተገኘበትም ቦታ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። መዝሙረ ዳዊትን በጥንታዊ እንግሊዝኛ ግጥም የመለሰ አንድ ተርጓሚ፣ በእኛ ዳዊት መዝሙር 104 ላይ ፈርዖን ዮሴፍን የቤቱ ጌታ አድርጎ እንደ ሾመው ከሚናገረው ቃል ሲደርስ፣ ዮሴፍን የጠራው «ህላፍዌአርድ» ብሎ ነው። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የግብፅን እህል አከማችቶ በሰባቱ የረሃብ ዓመታት ሕዝብን ካተረፈው ከዮሴፍ የበለጠ «ዳቦ ጠባቂ» ለመባል የሚገባው ሰው ከወዴት ይገኛል?

«ዳቦ ጠባቂ» ሲባል መሶብ አጠገብ የቆመ ዘበኛ አይታሰብዎ፤ ስያሜው የአባወራ ስያሜ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ቤት ማለት ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ብቻ አልነበረም። አራሹ፣ እረኛው፣ ፈጪዋ፣ ውኃ ቀጂዋ፣ መጠጊያ ያጣው ዘመድ ሁሉ ከአንድ ጎተራ የሚበላበት ሰፊ ቤተሰብ ነበር። እህሉ አዲሱ ምርት ሳይደርስ እንዳያልቅ እየሰፈረና እየቆጠበ የሚያወጣው ሰው የሁሉንም ነፍስ በእጁ ይዟል ማለት ይቻላል። በእኛም አገር ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ፣ ጎተራው ውስጥ ስንት ቁና እንደ ቀረ በልቡ የማያሰላ ገበሬ የለም። ጌትነት ከዚህ ተነሣ፤ የሚያበላ ያዝዛል፣ የሚያዝዝም የማብላት ዕዳ አለበት።

ይህ ትርጉም ከቃሉ ላይ ብቻ ተገምቶ የተነገረ እንዳይመስልዎ ሌላ ማስረጃ ልጨምር። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኘው የኬንት ንጉሥ ኤትልበርት በ600 ገደማ ያወጣው ሕግ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከተጻፉት ሕግጋት ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ ዛሬ የሚነበበውም በ12ኛው መቶ ዓመት በሮቸስተር በተገለበጠ አንድ የብራና መጽሐፍ ውስጥ ነው። በዚህ ሕግ ውስጥ የአንድ ነፃ ገበሬ ቤተሰብ የሆነ አገልጋይ ቢገደል፣ ገዳዩ 6 ሽልንግ ካሣ እንዲከፍል ተደንግጓል። አገልጋዩ በሕጉ ውስጥ የተጠራበት ስም «ህላፍኤታ» ነው፤ «ዳቦ በላ» ማለት ነው። እንግዲህ ጌታው ዳቦ ጠባቂ፣ ሎሌው ዳቦ በላ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንደርስ እንደምናየው ደግሞ እመቤቲቱ ዳቦ አቡኪ ናት። የአንድ ቤት ሥርዓት በሙሉ በአንድ ዳቦ ዙሪያ ተሰይሞ ነበር።

በዚያው ሕግ ነፃው ገበሬ «ቸርል» ይባላል፤ የዚህም ቃል ዕጣ ሊነገር የሚገባው ነው። ያኔ የራሱን መሬት የሚያርስ፣ በሕግ ፊት ካሣና ክብር ያለው ሰው ስም የነበረው ቃል፣ ዘመናት ሲያልፉ እየወረደ ሄዶ ዛሬ በእንግሊዝኛ ሥነ ሥርዓት የጎደለውን ሰው ለመስደብ ይውላል። «ባላገር» የሚለው ቃላችን «የአገር ባለቤት» ማለት ሆኖ ሳለ በከተማ ሰው አፍ እንዴት እንደ ወረደ ለምናውቅ፣ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያሳዝናል እንጂ።

ጎንደሬ «ዳቦ ጠባቂ» የሚለውን ስያሜ ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። እናቱን ያገባውን ሰው «እንጀራ አባት» የምንለው፣ አልወለደውም ነገር ግን ያበላዋል ስንል ነው። ሥራ ፍለጋ ከአገሩ የወጣውን «እንጀራ ፍለጋ ሄደ»፣ ከሥራው የተባረረውን «የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ» እንላለን። እርስዎ ለእንግዶች የሚያሳዩት የግብር አዳራሽም ከዚህ ሐሳብ አይርቅም። «ግብር» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው፤ ገበሬው ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር ነው፣ ንጉሡም ሹማምንቱንና ሠራዊቱን ሰብስቦ የሚያበላው ግብር ነው። የመጀመሪያውን «ገበረ» ስንል፣ ሁለተኛውን «ግብር አበላ» እንላለን። ከገበሬው ጎተራ የወጣው እህል በንጉሡ እጅ አልፎ ተመልሶ በሰው አፍ ይገባ ዘንድ ነበር ሥርዓቱ፤ ሁልጊዜ በትክክል ይመለስ ነበር ለማለት ሳይሆን፣ ቃሉ ግን ያንን ግዴታ ተሸክሞ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ለእንግዶችዎ «ሎርድ»ን ሲያነሡላቸው «ግብር»ንም አብረው ቢነግሯቸው፣ አዳራሹ ድንጋይና ኖራ ብቻ ሆኖ አይታያቸውም።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ፤ «ህላፎርድ» እንዴት «ሎርድ» ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርምና። በመጀመሪያ ከፊት ያለው «ህ» ከአንደበት ጠፋ፤ ይህ የሆነው በዚህ ቃል ላይ ብቻ ሳይሆን በ«ህል» በሚጀምሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ላይ ነው። ቀጥሎ በአናባቢዎች መካከል የተቀመጠው «ፍ» ወደ «ቭ» ስለ ተለወጠ «ላቨርድ»፣ «ሎቨርድ» ተባለ። ከዚያም «ቭ» ራሱ ተውጦ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ድረስ ዛሬ የምናውቀው አጭር ቃል ቀረ። ብዙ የሚጠራ ቃል ብዙ ይደክማል፤ ይልቁንም የአክብሮት መጠሪያ በቀን ስንት ጊዜ ከአፍ ይወጣል። በእኛም ቋንቋ «እግዚአብሔር» በዕለት ንግግር «እግዜር» ሆኗል፤ «እመቤቴ» ተጨምቆ «እሜቴ» ሆኗል። «እሜቴ» ብሎ የሚጠራ ሰው ውስጧ «ቤት» እንዳለ እንደማያስተውል ሁሉ፣ «ሎርድ» የሚል እንግሊዛዊም ውስጡ ዳቦ እንዳለ አያስተውልም።

የባልደረባዎን ሐሳብ የማልቀበለው በዚሁ ምክንያት ነው። የሁለት ቃላት ዝምድና የሚመረመረው በዛሬ ድምፃቸው ሳይሆን ሊደረስበት በሚቻለው ጥንታዊ መልካቸው ነው። «ልዑል» «ከፍ አለ» ከሚለው የግእዝ ሥር የወጣ ነው፤ «ላዕላይ»ም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ በመሆኑም «ልዑል» ከፍ ያለ ማለት ነው። «ሎርድ»ን ወደ ኋላ ስንከተለው ግን «ል» የመጀመሪያ ፊደሉ እንኳ እንዳልነበረ፣ መካከሉም በ«ፍ» እንደ ተሞላ አይተናል። ሁለቱ ቃላት የተቀራረቡት አንደኛው አርጅቶና ተሸራርፎ ካለቀ በኋላ ነው። በትርጉምም ቢሆን መነሻቸው ይለያያል፤ የእኛ ቃል ማዕረግን ያየው በከፍታ ነው፣ የእነርሱ ቃል ያየው በማብላት። ባልደረባዎ ለቋንቋችን ያላቸውን ፍቅር አከብራለሁ፤ ነገር ግን ግእዝና አማርኛ የሌላውን ቃል መውሰድ ሳያስፈልጋቸው የሚያኮራ የራሳቸው ብዙ ነገር አላቸው።

ለፈጣሪ መጠሪያ ስለመሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። የጥንት እንግሊዞች እግዚአብሔርን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት «ድሪህተን» ብለው ነበር፤ ይህም የጭፍራ አለቃ ከሚለው ሐሳብ የወጣ ቃል ነው። «ህላፎርድ» በአብዛኛው የሰው ጌታ መጠሪያ ነበር። በኋላ «ድሪህተን» ከቋንቋው ሲጠፋ ቦታውን ሁሉ «ሎርድ» ወረሰው፤ ስለዚህም ልክ እንደ እኛ «ጌታ» ለሰማዩም ለምድሩም ያገለግላል። በአባታችን ሆይ ጸሎት ላይ ግእዙ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ሲል ሲሳይን በጠቅላላው ይለምናል፤ አማርኛው «የዕለት እንጀራችንን» ብሎ እንጀራን ስሙን ጠርቶ ይለምናል፤ ጥንታዊው እንግሊዝኛም በዚያ ቦታ የተጠቀመው ያንኑ «ህላፍ»ን ነው። ዳቦ ጠባቂ ከሚባል ጌታ ዳቦን መለመን ለጥንቱ ተናጋሪ እንዴት ያለ ቅርበት ይሰጠው እንደ ነበር ሳስብ፣ ቃሉ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ይህንንም በማጣቱ እቆጫለሁ።

በመጨረሻም ለአስጎብኚነትዎ የሚጠቅም አንድ የጎንደር ጉዳይ አለ። በ1770 ጎንደር የገባውና በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተሰቡን ልጆች ያከመው ጄምስ ብሩስ እንግሊዛዊ ሳይሆን ስኮትላንዳዊ ነበር። በአገሩ የኪኔርድ «ሌርድ» ነበር፤ ሌርድ ማለት በስኮትላንድ የርስት መሬት ያለው ሰው መጠሪያ ሲሆን፣ ቃሉ የዚያው የ«ሎርድ» ሰሜናዊ አነጋገር ነው። ስለዚህ ከ250 ዓመት በፊት ይኸው የዳቦ ጠባቂ ስም፣ ባለቤቱ ትርጉሙን ያስብ አያስብ፣ በቁስቋም ደጅ አልፏል።

ጥያቄ፦ እኔ አዘዞ ውስጥ ድፎ ዳቦና አምባሻ እየጋገርኩ በመሸጥ ልጆቼን የማሳድግ እናት ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ የምትማረው ልጄ በቀደም ዕለት ሊጥ ሳቦካ አይታኝ፣ «እማዬ፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ሌዲ ማለት ሊጥ አቡኪ ማለት ነው ብለውናል» አለችኝ። እኔን ለማስደሰት የተናገረችው መስሎኝ ነበር፤ እርሷ ግን እውነት ነው ብላ ጸናች። ሌዲ ሲባል እኔ የማውቀው የትልቅ ሰው ሚስትን ነው። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።
ከአዘዞ

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ እውነቷን ነው፤ መምህሯም በደንብ አስተምረዋታል። «ሌዲ» በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ህላፍዲዬ» ነበር። የፊተኛው ክፍል ከላይ ያየነው «ህላፍ»፣ ዳቦ ነው። የኋለኛው ክፍል ማቡካት ከሚል ሥር የወጣ ሲሆን፣ ለብቻው ቆሞ አይገኝም፤ ዘመዶቹ ግን እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ሊጥ የሚባልበት «ዶው» የተባለው ቃል የዚያው ሥር ልጅ ነው። የወተት ቤት የሚባልበት «ደይሪ» ሳይቀር፣ መጀመሪያ ዳቦ አቡኪ በኋላም የቤት ሠራተኛና አላቢ ማለት ከሆነው «ደይ» ከተባለ ቃል የተገኘ ነው።

የዚህ ሥር ነገር ግን ከዚህም ያልፋል፤ እርስዎም ከማንም በላይ የሚረዱት ይመስለኛል። ሥሩ ከእንግሊዝኛ ይልቅ እጅግ ያረጀ ሲሆን፣ ጥንት ሊጥን ብቻ ሳይሆን ጭቃንም አቡክቶ ቅርጽ መስጠትን ያመለክት ነበር። ጥንታውያን ኢራናውያን ከዚሁ ሥር ግንብ ወይም አጥር ማለት የሆነ ቃል አወጡ፤ «በዙሪያው የታጠረ» የሚል ስያሜ ሠርተውም ለታጠረ የአትክልት ቦታ መጠሪያ አደረጉት፤ ይህም በግሪክኛ በኩል አልፎ በአውሮፓ ቋንቋዎች የገነት መጠሪያ የሆነው «ፓራዳይዝ» ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሌዲ፣ ሊጥና ገነት ከአንድ ሥር የበቀለ ነገር በውስጣቸው አለ። ለፈረንጅ ተማሪ ይህን ማስረዳት አድካሚ ነው፤ ሊጥና ጭቃ ምን አገናኛቸው ብሎ ይጠይቃልና። በአማርኛ ግን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ሊጥም ይቦካል፣ ጭቃም ይቦካል። ሴቲቱ ገበቴዋ ላይ ጎንበስ ብላ ዱቄቱን ከእርሾው ጋር እያሸች፣ ሊጡ ከጣቷ አልላቀቅ ሲል ዱቄት እየነሰነሰች የምታደርገውን፣ ቤት የሚሠራውም ሰው ጭዱን ከአፈሩ ጋር በእግሩ እየረገጠ ያደርገዋል፤ ለሁለቱም ያለን ግስ አንድ ነው።

ሌዲ የትልቅ ሰው ሚስት ናት ያሉትም ስሕተት አይደለም። ቃሉ ሲነሣ በቤቱ ያሉትን ሁሉ የምታዝዝ፣ የዱቄቱንና የሊጡን ነገር የምትቆጣጠር የቤቱ እናት መጠሪያ ነበር። ባሏ «ህላፎርድ» ሲከብር እርሷም አብራ ከበረች፤ በስተኋላ የመኳንንት ሚስቶችና ሴቶች ልጆች ማዕረግ ሆነ፣ ዛሬ ደግሞ ማንኛዋንም ሴት በአክብሮት ለመጥራት ይውላል። የእኛ «እመቤት»ም በተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል፤ ከግእዝ «እም» እና «ቤት» የተሠራ፣ የቤት እናት ማለት ሆኖ ሳለ፣ የወይዛዝርት መጠሪያ ሆኗል። ስለ ቤት ከተነሣ ዘንድ፣ እንግሊዞች ባልን የሚጠሩበት «ሀዝባንድ» ከጥንት የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የወሰዱት ሲሆን፣ ቤት ያለው፣ በቤቱ የሚኖር ማለት ነው፤ እኛ «ባለቤቴ» እንደምንለው።

ከሁሉ በላይ ሁለቱ ቃላት የተገናኙበት ስፍራ አለ። እኛ ቅድስት ድንግል ማርያምን «እመቤታችን» እንደምንል፣ እንግሊዞችም በዚሁ ዳቦ አቡኪ ማለት በነበረው ቃል «የእኛ ሌዲ» ይሏታል። የብሥራቷን በዓል፣ መጋቢት 29 የምናከብረውን ማለት ነው፣ እነርሱ በማርች 25 «ሌዲ ዴይ» ብለው ያከብሩት ነበር፤ ሁለቱ ዕለታት በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር አንድ ናቸው። በእንግሊዝ አገር እስከ 1752 ድረስ የሕጉ አዲስ ዓመት የሚገባው በዚህ ዕለት ነበር። ልጅዎ የእንግሊዝኛ ሰዋስው እየተማረች ከሆነ አንድ ነገር ይጠቁሟት፤ የጌታን ቀን ሲጽፉ ባለቤትነትን የምታመለክተዋን «ስ» ይጨምራሉ፣ በ«ሌዲ ዴይ» ላይ ግን «ስ» የለችም። የዚህ ምክንያት በጥንታዊው እንግሊዝኛ የዚህ አንስታይ ቃል የባለቤትነት መልክ «ስ» አልነበረበትም፤ ያ ያረጀ ሰዋስው በበዓሉ ስም ውስጥ ሳይነካ ቀርቷል።

በእኛ ቤት እናቴ የበዓል ዋዜማ ማታ ታቦካለች፣ ሌሊቱን ኮባ ቅጠሉን አንጥፋ ትጋግራለች፤ በማግሥቱ አባቴ ተነሥቶ ድፎውን ይባርክና ቢላዋውን ይዞ ይቆርሳል፣ ከልጅ እስከ ጎረቤት ድርሻችንን እየቆጠረ ይሰጠናል። እርስዎም ቤት እንዲሁ እንደሚሆን አልጠራጠርም። የሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት ጥንታዊ ትርጉም ለመጀመሪያ ጊዜ ባነበብኩ ጊዜ የታየኝ ይህ ነው፤ አንዷ አቡኪ፣ አንዱ ጠባቂና ቆራሽ። እንግሊዞች ራሳቸው በመዝገበ ቃላት ፈልገው የሚያገኙትን ነገር እርስዎ በየሳምንቱ በእጅዎ ይሠሩታልና፣ ልጅዎ ሌዲ ብትልዎ ስሙ የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ በአንድ ደብር የማገለግል ዲያቆን ነኝ። የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት «ቤተልሔም» መባሉ በዕብራይስጥ «የዳቦ ቤት» ማለት እንደሆነ ተምረናል። በእንግሊዝኛም ዳቦ «ሎፍ» ይባላል። «ልሔም» እና «ሎፍ» ይዛመዱ ይሆን? ቃሉስ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ገብቶ ያውቃል?
ከጎንደር

መልስ፦ አይዛመዱም። «ልሔም» በሴማውያን ቋንቋዎች ዘንድ የዋና ምግብ መጠሪያ ነው፤ በዕብራይስጥ ዳቦ ሲሆን በዐረብኛ ያው ቃል ሥጋ ማለት ነው። «ሎፍ» ግን ከላይ የተነገረለት «ህላፍ» ነው። በጥንታዊው ዘመን ዳቦን በጠቅላላው የሚያመለክት ዋና ቃል ነበር፤ በኋላ «ብሬድ» የተባለው ቃል ያንን ሥፍራ ሲወስድበት፣ እርሱ ሳይቆረስ ላለ ለአንድ ሙሉ ዳቦ ብቻ ቀረ።

በቤተ ክርስቲያን አገልግሎትስ ገብቷል። የጥንት እንግሊዞች ኦገስት 1 ቀን የሚያከብሩት «ህላፍማሰ» የሚባል በዓል ነበራቸው፤ «የዳቦ ቅዳሴ» ማለት ነው፣ ዛሬ «ላማስ» ይባላል። በዚህ ቀን ከአዲሱ ስንዴ የመጀመሪያ ፍሬ የተጋገረ ዳቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣና ይባረካል። ከእኛ ቡሄ ጋር በወሩም በዳቦውም ይቀራረባል፤ ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ ሙልሙል የሚቀበሉት ነሐሴ 13 ነውና። ሆኖም ሁለቱን አንድ አድርጎ መናገር አይገባም። የእኛ በዓል የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ በነሐሴ ደግሞ የጎንደር ዙሪያ ማሳ ገና ለምለም ነው፣ እሸቱ የሚቀመሰው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሙልሙሉ የሚጋገረው ካለፈው ዓመት እህል፣ ጎተራው በሚጎድልበት ወር ስለሆነ፣ የሚሰጠው ሰው ስጦታ ከላማሱ ይልቅ የከበደ ነው ብዬ አምናለሁ።

የ«ህላፍ»ን ትክክለኛ ዘመዶች የሚፈልጉ ከሆነ የሚገኙት በሰሜን ነው። ጀርመኖች ሙሉ ዳቦን «ላይብ» ይላሉ፤ በ4ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ የተተረጎመበት ጎቲክ የተባለው ቋንቋ «ህላይፍስ» ይል ነበር። ስላቮች ቃሉን ከጀርመናውያን ጎረቤቶቻቸው ስለ ወሰዱት ሩሲያውያን እስከ ዛሬ ዳቦን «ኽሌብ» ይሉታል። እንግሊዞች ከአንደበታቸው ያጠፉት የመጀመሪያው «ህ» በሞስኮ ዳቦ ቤት በየማለዳው ይሰማል።